ሁሉም መቶ አርባ ያሉባት ጥያቄ

ሽታው ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ጎረቤቴ ነው፣ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ሰው አለማመኑን ያመጣው ከሥራው ነው። ለገበሬው የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ማሳው ሁሉ በተለካበት ጊዜ፣ በቀበሌያችን ገመድ ይዞ የለካው እሱ ነበር። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ማሳ ግን ዳር ቆሞ አይቶ ስንት እንደሚወጣ ይነግርሃል። በሚለካበት ቤት ጠላ አይቀምስም፤ ውሃ እንኳ ከራሱ ኮዳ ነበር የሚጠጣው። ያም ሆኖ ገመዱን ለአንዱ አላላ፣ ለሌላው ሳበ እየተባለ ታምቷል። የታላቅ ወንድሙን የእንየውን ማሳ ለክቶ፣ ወንድሙ ወደ ጎረቤቱ የገፋውን ድንበር ወደ ቦታው ስለመለሰው እንየው እስከ ዛሬ ደጁን አይረግጥም።

ከዚያ ሥራ አንድ ልማድ ይዞ ወጣ። ድንበርተኞች ሲጠየቁ አንዱ ሃያ እርምጃ ይላል፣ ሌላው ሃያ ሁለት። ይህ ሽታውን አያሳስበውም። ሦስት ሰዎች አንድ ቁጥር በአንድ ቃል የተናገሩ እንደሆነ ግን “እነዚህ ቀድመው ተገናኝተዋል” ብሎ ገመዱን ይጠቀልል ነበር።

ባለፈው ዓመት ልጁ ፋና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ልትቀመጥ ስትል የነገራትን እኔም ሰምቻለሁ። “በራስሽ ብትወድቂ ደግሜ አስተምርሻለሁ። በሰው ካለፍሽ ግን ዘጠነኛ ክፍልን አታዪውም።” ያለውን እንደማያጥፍ በወንድሙ አይተናል።

ሒሳብ የተፈተኑ ዕለት እኔና ሽታው ሐይቅ ከተማ ጉዳይ ነበረን። ስንመለስ ተፈታኞቹን በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ደረስንባቸው። ፋና አለች፤ የሳሊሕ ልጅ ሂዳያ አለች፤ ሙንተሲር የሚባለው ቀልደኛ አለ፤ ሌሎችም ሦስት ነበሩ። መልስ እያመሳከሩ ነው።

“አሥራ ሁለተኛዋ ለ ናት።”

“ኧረ መ! ምን ሆነሃል?”

በየጥያቄው ይጣላሉ። ፋና በሁለት ጥያቄዎች ላይ ከሁሉም ተለይታ ድርቅ ብላ ተከራከረች። ሽታው ከኋላ ፈገግ እያለ ይሰማል።

“ሠላሳ አንደኛዋስ፣ የአትክልት ቦታዋ?” አለች ሂዳያ።

“መቶ አርባ” አሉ እሷም ጨምራ ስድስቱም በአንድ አፍ።

ሽታው ቆመ። ፈገግታው ጠፋ።

“እስቲ ያቺን ጥያቄ አሳዩኝ።”

ሂዳያ በእንጨት መሬት ላይ ሳለችለት። ሁለቱ ትይዩ ጎኖች አሥርና አሥራ ስምንት ሜትር ናቸው፤ ቀጥ ብሎ የሚያገናኛቸው ጎን ስድስት፣ ያዘመመው ደግሞ አሥር። ስፋቱ ስንት ነው?

“በምን አገኘሽው?”

“በፎርሙላ ነዋ፣ ጋሽ ሽታው።”

“በይው እስቲ።”

“አሁን ጠፋኝ።”

“አንተስ ሙንተሲር?”

“እኔ አባዝቼ ነው።”

“ምንን በምን?”

“ሁሉንም በሁሉም።” ልጆቹ ሳቁ። “ጋሽ ሽታው፣ ፈተናውንም በገመድ ሊለኩብን ነው እንዴ?”

ሽታው አልሳቀም። እንጨቱን ተቀብሎ ሥዕሉ ላይ መስመር ጨመረና ጎዶሎውን ሞልቶ አራት ማዕዘን አደረገው። “ሙሉውን ባጥረው አሥራ ስምንት በስድስት ነው፣ መቶ ስምንት። መቶ አርባው በየት ገባ? ከአጥሩ የሚበልጥ ማሳ አላየሁም። መሳሳት ያለ ነው፤ ስድስታችሁም አንድ ዓይነት ስሕተት የተሳሳታችሁት ግን እንዴት ነው?”

 ሙንተሲር የታሰረ ጫማውን ጎንበስ ብሎ እንደገና አሰረ። እኔም፣ ፈተና ክፍል ስልክ ተደብቆ ይገባል ሲባል የሰማሁት ትዝ አለኝና ልጆቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።

መገንጠያው ላይ ሌሎቹ ሄዱ። ፋና በመካከላችን ቀረች።

“ከማን ሰማሽው?” አላት ሽታው።

“ከፊት ወንበር ነው የመጣው። ፈታኙ በር ላይ ሲቆሙ ሐ፣ ሐ እየተባለ ኋላ ድረስ ደረሰ።”

“አንቺስ?”

“እኔ ሰማንያ አራት ነበር ያገኘሁት። ለ ላይ አጥቁሬ ጨርሻለሁ። ሁሉም ሐ ሲሉ ብቻዬን የተሳሳትኩ መሰለኝና በላጲስ አጠፋሁት።”

ሽታው በጣቱ አሰበ። የአሥርና የአሥራ ስምንት አማካይ አሥራ አራት፣ በስድስት ሲባዛ ሰማንያ አራት። ልክ ነበረች። እኔ ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

“ሌላስ ስንት አጠፋሽ?”

“ሌላ የለም፣ አባዬ።”

“ይቺንስ ባልጠይቅሽ መች ትነግሪኝ ነበር?”

 ሽታው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ያስታወሰችውን ጥያቄ ሁሉ መሬት ላይ እንድትሠራለት አዘዛት። አፈር እየጠረገች ያስታወሰቻቸውን ሃያ ስድስቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠራች። አንዳንዱ ለእኔም ለእሱም አልገባንም። እሱ ግን የሚያየው ስሌቱን አልነበረም፤ እጇ የት ላይ እንደሚያመነታ ነበር የሚከታተለው። የተከራከረችባቸው ሁለቱ ጥያቄዎች ላይ ስትደርስ እንደ መንገዱ ያንኑ መልስ ሰጠች።

“እነዚህ ሁለቱ የሷ ናቸው፤ ከሌሎቹ ማንም እንዲህ አላለም” አለኝ። ስለ ቀሩት ሃያ አራቱ ምንም አላለኝም።

ውጤቱ ሲመጣ ፋና በደህና ነጥብ አልፋለች። ሽታው ወረቀቱን ሁለት ቀን ኪሱ ይዞት ዞረ። ፋናም ጠይቃው አታውቅም፤ ዓይኑን ብቻ ትከተል ነበር። በሦስተኛው ቀን ልብሱን ለባብሶ “ተነሺ” አላት። እኔም ለምስክር ያህል ዘጠነኛ ክፍል ወደሚመዘገብበት ትምህርት ቤት አብሬያቸው ሄድኩ።

መዝጋቢው ነጥቧን አይቶ “ጎበዝ ልጅ አለችህ” አለው።

“አንዷ መልስ የሷ አይደለችም” አለ ሽታው።

መዝጋቢው ቀና ብሎ አየው። ፋና አንገቷን ደፋች።

“አባዬ፣ እሷ እኮ ስሕተት ናት፤ አልተቆጠረችም” አለች በቀስታ።

“ባትቆጠርም ይወቁት።”

መዝጋቢው ነጥቧን ደግሞ አይቶ ስሟን ዘጠነኛ ክፍል መዝገብ ላይ ጻፈ።