«አዎ» በቢቸና እንግሊዝኛ

ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪሙ የታመመው መንጋጋዬ ላይ የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ሲያደርግልኝ፣ ሕመሙን ረስቼ ቢቸና ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። ከህንድ አገር የመጡት የእንግሊዝኛ መምህራችን፣ እኛ «ሰር» የምንላቸው፣ ቅርንፉድ ከአፋቸው አይለይም ነበር፤ ሽታው ቀድሟቸው ሲመጣ ሁላችንም ብድግ እንላለን። ስም ሲጠይቁ «መልካም ስምሽ ማን ነው?» ይላሉ፤ በእንግሊዝኛ ሰውን በአክብሮት የሚጠይቁት እንዲህ ነው ብለው ነግረውናል። ሲስማሙ ደግሞ ራሳቸውን ከትከሻ ወደ ትከሻ ለስለስ አድርገው ያወዛውዛሉ። እኛ ጎጃሞች አዎ ስንል ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ እንጂ እንዲህ ያለውን አናውቅም፤ የእንግሊዝኛው አንድ ክፍል መስሎን ከነአንገቱ ተማርነው።

የሞጣ ልጆች አሜሪካዊት አስተማሪ ነበረቻቸው። ለጥያቄና መልስ ውድድር በእህል መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ አቧራ ጠግበን ሞጣ ስንደርስ ውሃን «ዋረር» ሲሉ ሰምተን ሳቅን፤ እኛ «ዋተር» ስንል እነሱ ሳቁ። አንዱን ልጅ በጨዋ ደንብ መልካም ስሙን ብጠይቀው «መጥፎም አለኝ እንዴ?» አለኝ። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር።

የውድድሩ ዳኛ ያችው የሞጣዋ ሚስ ነበረች። ጥያቄውን ታነብና «መልሱን ታውቂዋለሽ?» ትለኛለች፤ እንደ ሰር ራሴን አወዛውዛለሁ፤ አላውቅም ያልኩ መስሏት ለሞጣ ትሰጠዋለች። የማውቀው መልስ ከአፌ እየተነጠቀ ሲሄድ ደሜ ፈላ። ግራ ገብቷት ወደ ሰር ዞረችና «ይህን አስተምረዋታል?» ብትላቸው እሳቸውም አወዛወዙ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

በመጨረሻ ነገሩ ገባት። ክፋት አልነበረባትም፤ «በእንግሊዝኛ አዎ የሚባለው እንዲህ ነው» ብላ ራሷን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀች፤ እንደሷ ካደረግሁ ያመለጡኝ ጥያቄዎች እንደሚደገሙልኝም ነገረችኝ። ለአሸናፊው የተዘጋጀው ትልቅ መዝገበ ቃላት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የእኛ ትምህርት ቤት አንድም አልነበረውም። ዘወር ብዬ ሰርን አየኋቸው። ዳግም እንዳይሳቅባቸው አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ አንገታቸውን እንዳይንቀሳቀስ ይዘውታል።

ወይ ፍንክች! «የእኛም እንግሊዝኛ ነው» አልኩና፣ ሚስን ዓይን ዓይኗን እያየሁ አወዛወዝኩ። የቢቸና ልጆች ሁሉ ከኋላዬ ተነሥተው አወዛወዙ። መዝገበ ቃላቱም ሞጣ ቀረ።

በመልስ ጉዟችን ሰር በጣም ተቆጡኝ። «አንቺ ግትር! አንድ ጊዜ ብትነቀንቂ ምን ነበረበት?»

«ነገም ቢጠይቁኝ አልነቀንቅም፣ ሰር» አልኳቸው። ዛሬም አልነቀንቅም።

ክረምት ሲገባ ውላቸው አለቀና ጠቅልለው ሊሄዱ መኪና ተሳፈሩ። «ይመለሳሉ?» ብዬ ጮህኩ። በመስኮቱ አዩኝ፤ እንዳልሳሳት ብለው ይሁን አፍረው እንጃ፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁልኝ።

አልተመለሱም። አብረውኝ ያወዛወዙት ልጆችም ግማሹ አፈር ገብቷል፤ የቀረነውም ስንገናኝ አዎ የምንለው እንደ ማንም ጎጃሜ ትንፋሻችንን ሳብ አድርገን ነው። ሁሉንም እችለዋለሁ፤ ያንን የመስኮቱን ግን እስከ ዛሬ አልተውኩላቸውም። በራሳቸው እንግሊዝኛ ሊሰናበቱኝ ይገባ ነበር።