አያቴ የጠበቁት መልስ

እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው።

አያቴ «ተሳስቻለሁ» ለማለት የማያፍሩ ሰው ነበሩ። በእኛ በዝቋላ ሽማግሌ ለልጅ እንዲህ አይልም። እሳቸው ግን ፍየል አስጠፋሽ ብለው ተቆጥተውኝ፣ ፍየሏ ከጎረቤት በረት ስትገኝ፣ ያለሁበት ድረስ መጥተው «ተሳስቻለሁ» ይሉኝ ነበር።

ፍየል የሚጠብቅ ሰው ሲጠፋ ከትምህርት ቤት ያስቀሩኝ እሳቸው ናቸው። አምና ማሽላ ስንወቃ፣ ለደቦ በመጣው ሰው ሁሉ ፊት ቆመው፣ «ይችን ልጅ ከትምህርቷ ያስቀረሁ እኔ ነኝ። ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ልጄ፣ ይቅር ትይኛለሽ?» አሉ።

አንዱ ጎረቤታችን «ኧረ አባባ፣ ኑዛዜ ለቄስ ነው እንጂ ለኮረዳ ነው እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አፈርኩ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ፣ ጀሪካኔን አንስቼ ወደ ምንጭ ሄድኩ።

በልቤ ይቅር ብያቸው ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ክረምት ገባ፤ እሳቸውም ታመው አረፉ። በዚያ ዕድሜያቸው ሐሳባቸውን ለወጡ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። አሁን ከደጅ ይቀመጡበት የነበረውን ድንጋይ ላለማየት በጓሮ በኩል ነው የምገባው።

በቀብሩ ማግስት ለባለቤታቸው፣ ለሴት አያቴ፣ ይቅር ብያቸው እንደነበር ነገርኳቸው። «እስከ መጨረሻው ‹ልጅቱ ምን አለች?› እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ የምመልስለት አጣሁ» አሉኝ።