የአውቶቡሱ ግንባር

«ጋሽ ጥቅስ» የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛ የጋራዡ ሰዎች ነን። ሥራው መኪና ላይ መጻፍ ነው፤ የጭነት ልክ፣ የስልክ ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ ግን ጥቅስ። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሱቆቻችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሃያ ዓመት አብሬው ስነታረክ ኖሬያለሁ። «እግዜር ጎማም ይነፋ እንደሆነ ጠይቅልኝ» እለዋለሁ። «ለአንተስ ትንፋሹን ማን ሰጠህ?» ይለኛል፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ። ያኔ መልስ አጥቶ አያውቅም።

የሚኮራበት ጽሑፍ አንድ አውቶቡስ ግንባር ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው ነበር፦ «መሪው በጌታ እጅ ነው»። ሾፌሩን «ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?» እያልን እናበሽቀው ነበር።

ጋሽ ጥቅስ አንዲት ልጅ ነበረችው። በነርስነት ተመርቃ፣ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ የምትሄድ ለት፣ እሱና ሚስቱ ሊሸኟት መናኸሪያ ሄዱ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ልጅቷ ሌላ አውቶቡስ ውስጥ ገብታ፣ መስኮት አጠገብ ተመቻችታ ተቀምጣለች። አባትየው ግን የእጁን ጽሑፍ ከወዲያ ማዶ፣ ወደዚያው ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ግንባር ላይ አየና ፊቱ በራ።

«ውረጂ የኔ ልጅ፣ በዚያኛው ሂጂ» አላት።

«አባዬ ደግሞ! ቦታ ይዣለሁ እኮ» አለች። እየሳቀች ወረደች።

የተወችው አውቶቡስ በሰላም ገባ። የተሳፈረችበት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ከሞቱት አምስት ሰዎች አንዷ እሷ ናት።

ለቅሶው ላይ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቹ «ጌታ ያለ ምክንያት አያደርግም» ሲሉት የእኔ ደም ይፈላ ነበር። ጋሽ ጥቅስ ሥራ ሲጀምር ቁጥር ብቻ መጻፍ ያዘ። ጥቅስ የጠየቀውን ሁሉ «ቀለም የለኝም» እያለ ይመልሳል፤ ቀለሙ መደርደሪያው ላይ ሞልቶ።

በአራተኛው ወር የአውቶቡሱ ባለቤት መጣ። የተጨረማመተው ግንባር ተቃንቶ ነጭ ተቀብቷል።

«ያንኑ ጻፍልኝ ልልህ አፍሬ ነው የቆየሁት። ካልሆነልህ ባዶውን ይሂድ» አለው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልብ የለህም?» ብዬ ጮህኩበት።

ጋሽ ጥቅስ «ተወው» አለኝና መሰላሉን አቆመ። በጠመኔ አሰመረ። «መሪው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ እጁ አልሄደም። ቀለሙ ብሩሹ ላይ እስኪደርቅ ድረስ እንደቆመ ቀረ።

ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ ያን አውቶቡስ አይታ ትወድቃለች ብዬ ሮጥኩ። አልወደቀችም። ቀና ብላ አነበበች።

«ጨርሰው እንጂ» አለችው።

«ያወረድኳት እኔ ነኝ።» ይህን ከአፉ ሲያወጣው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሻንጣዋን ያሻገርኩላትስ እኔ አይደለሁ?» አለችው። «በእኔና በአንተ እጅ ከነበረ አልችለውም። አልችለውም! ጨርሰው በቃ።»

ብሩሹን በነጭ ጋዝ አጠበ። ምሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ የቀለሙን ጣሳ ያዘችለት። እኔ መሰላሉን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ እሱ ወጥቶ የቀረውን ጻፈ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ሲወርድ እንደ ልማዱ ራቅ ብሎ አላየውም። ያየችው እሷ ናት።

«ተንጋዷል» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት፤ አላስተካከለውም።