ሰባት ቁጥር ጠርሙስ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እኔም ቢደክመኝም ከሥሩ ልጀምር። ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሴል ስታሳድግ የኖረች ሴት ናት። ሰው ሥራዋን ሲጠይቀኝ፣ "የማይበሉ፣ የማይሸጡ፣ በዓይንም የማይታዩ ነገሮች ታረባለች" እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን እየቀለድኩ አይደለም። ከሰው ቆዳ ተቆንጥረው የወጡ ሴሎችን በላስቲክ ጠርሙስ አድርጋ፣ ሮዝ ውሃ እየመገበች፣ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ታኖራቸዋለች። በየሁለት ቀኑ ውሃቸው ይቀየራል። እሑድ አያውቁ፣ ሕመም አያውቁ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ "ሞግዚቷ" ነው የሚሏት፤ ስሟን የሚያስታውስ ያለም አይመስለኝም።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እሑድ እሑድ አብሬያት እሄዳለሁ። ትከሻዋ አልቋል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ክንዷን ዘርግታ ከመስታወት መከለያ ሥር ስትሠራ ኖራ እንዴት አያልቅ? ስለዚህ ቦርሳዋን እኔ ነኝ የምይዘው። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ እልና፣ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ በመስኮቱ አያታለሁ። እጇን በአልኮል ታብሳለች፣ ጓንት ታጠልቃለች፣ ጓንቱንም ደግሞ በአልኮል ታብሳለች። "ጓንቱ ደግሞ ምን በደለሽ?" ስላት፣ "አንተ ዝም ብለህ ቦርሳህን ያዝ፣ ሾፌር" ትለኛለች። ደጋግሜ ከማየቴ የተነሳ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው መስሎኝ ነበር። ጉዱ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ትኩሳት ጣላት። ልትነሳ ሞከረች፣ ግድግዳ ይዛ ቆመች፣ ተመልሳ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

"የተማሪዋ ጠርሙሶች ዛሬ ካልተቀየሩ አለቀላቸው" አለች። ተማሪዋ ለመመረቂያዋ አራት ዓመት የለፋች ልጅ ናት፤ ያን ሰሞን እናቷን ልታስታምም ሄዳ ነበር። ባለቤቴ ሌሎቹ ባልደረቦቿ ጋ ደወለች፤ እሑድ ቀን ማን ያነሳል?

"እኔ እሄዳለሁ" አልኳት።

"አንተ?"

"ምነው? መቶ ሰው ጭኜ ከተማውን ስዞር የኖርኩ ሰውዬ ውሃ መቀየር ያቅተኛል?"

ሕጉ አይፈቅድም፤ እሷም ታውቃለች። ግን አቅም አልነበራትም፤ ቁልፏን ሰጠችኝ። ዘበኛው፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ብቻዎን ነዎት?" ብሎ አሳለፈኝ።

ስድስቱን ጠርሙስ በሰላም ቀየርኩ። የሰባተኛዋን ክዳን ከፍቼ ሳነሳት ከጓንቴ ሙልጭ ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሮዙ ውሃ እስከ ጫማዬ ፈሰሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ምኑን ልልቀመው? "ወለል የነካ ሞቷል" ትላለች ባለቤቴ ሁልጊዜ። የሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሥራ የለቀቀ አንድ ሰው ትቷቸው የሄደ፣ ሊጣሉ የተቀመጡ ጠርሙሶች ነበሩ። ለእኔ ዓይን ሁሉም ያው ናቸው፤ ሮዝ ውሃ ነው። አንዷን አነሳሁና የራሷን ወረቀት ላጥኩ፤ በባለቤቴ እጅ "ሰባት" ተብሎ የተጻፈውን ከወደቀችው አንስቼ ለጠፍኩባት። ውሃዋን ቀየርኩ። ወለሉን ወለወልኩ።

ቤት ስገባ፣ "እንዴት ሆነልህ?" አለችኝ።

"ሰላም ነው" አልኩ። አንድ ጠርሙስ ነው ብዬ እኮ ነው! በሁለተኛው ቀን ሲሻላት ሄዳ፣ መዝገቧ ላይ የእሑዱን ቀን "ሁሉም ተቀይሯል፣ ደህና ናቸው" ብላ ሞልታ ፈረመች። እኔን አምና።

ተማሪዋ ምን እንደምትመረምር ባለቤቴ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ አስረዳችኝ። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ዋናው ጽሑፍ አለ፤ ዲኤንኤ ይሉታል፤ ከማኅደሩ ንቅንቅ አይልም። ሥራ ሲኖር ይገለበጣል፤ ግልባጩ አርኤንኤ ነው። ግልባጩ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ግን ኢንዛይም የሚሉት ነገር ይመጣና መሀል ላይ ያለች ፊደል ይለውጣል። ዋናው እንዳለ ነው።

"ማን ፈቀደለት?" አልኳት።

"ተፈጥሮ። በሰውም በአይጥም እንዲሁ ነው። አንጎል ውስጥ አንዲት ፊደል አለች፤ እሷ ሳትታረም ከቀረች አይጧ የሚጥል በሽታ ሲጥላት ሲያነሳት ሰንብታ በሦስት ሳምንቷ ትሞታለች።"

"በአንዲት ፊደል?"

"በአንዲት። ይልቅ ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

የታረሙትን ቦታዎች ለማግኘት ዋናውንና ግልባጩን ጎን ለጎን ያነባሉ፤ የሚለያዩበት ቦታ እርማት ነው። ዋናው ገና ከመጀመሪያው ከየሰዎቹ ደም ተነብቧል፣ ግልባጩ ግን ከጠርሙሱ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ሁለቱም ከአንድ ሰው መሆን አለባቸው። ከሁለት ሰው ከመጡ፣ የሚታየው ሰው ከሰው የሚለይበት ነው እንጂ እርማት አይደለም። ይህን ስትነግረኝ ሰባት ቁጥር ትዝ አለችኝ፤ ግን ተውኩት፤ ማን ያውቃል አልኩ።

የፈሩት ይደርሳል። ዘንድሮ ውጤቱ ሲመጣ ሰባት ቁጥር ላይ በሺ የሚቆጠሩ አዳዲስ እርማቶች ተገኙ ተባለ። ተማሪዋን የሚመራው ፕሮፌሰር በደስታ የሚሆነውን አጣ። ተማሪዋ ባለቤቴን አቅፋ፣ "እትዬ፣ በእርስዎ እጅ ነው!" አለቻት። ባለቤቴ ግን ፊቷ ጠቁሮ ቤት ገባች።

"አልጣመኝም" አለችኝ። "በሰውም በአይጥም የሚታወቀው ለውጥ ሁለት ዓይነት ነው፤ እሱም አንደኛው ነው የሚበዛው። ሰባት ላይ ግን ሁሉም ፊደል ወደ ሁሉም ፊደል ተቀይሯል። ይሄ እርማት አይደለም። ይሄ ሌላ ሰው ነው።"

ቦርሳዋን ከእጇ ተቀብዬ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ።

ለፕሮፌሰሩ ነገረችው። እሱም ደስታውን የሚነካበት አልፈለገም፤ "ጠርሙስ ከተደባለቀ በአንቺ እጅ ነው የተደባለቀው። መቼ እንደሆነ አሳዪኝና ጥናቱን አቆመዋለሁ" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቦቿን እየያዘች ቤት ትመጣ ጀመር። ሦስት ወር! ከሥራ መልስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፤ በጣቷ እየተከተለች መስመር በመስመር ታነባለች። የእሑዷን ገጽ ስንት ጊዜ አልፋታለች! "ደህና ናቸው" ይላላ፤ ራሷ ናት የፈረመችው፤ እኔም ሰላም ነው ብያታለሁ።

ያላጠፋችውን ከየት ታገኘዋለች? ስታጣው ራሷን መጠርጠር ጀመረች። የምድጃውን እሳት አጥፍታ ሦስቴ ተመልሳ ታየዋለች። የጨውና የስኳር ዕቃ ላይ ወረቀት ለጠፈች። አንድ ቀን እጇን መብራት ሥር ዘርግታ፣ "ይቺ እጅ አርጅታ ይሆን እንዴ? እያታለለችኝ ይሆን?" አለችኝ።

"ኧረ ደህና ናት" አልኩ። አይ እኔ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ዝንብ አልገባም፤ እንቅልፍ ግን ከቤቴ ወጣ። ብናገር ቁልፏን ለእኔ በመስጠቷ ያባርሯታል፣ ጡረታዋም አንድ ዓመት ነው የቀረው፣ ለእሷ ስል ነው እያልኩ ራሴን እደልል ነበር። ለራሴ ነበር እንጂ። ፈርቼ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መነጽሯን አድርጋ አንድ ወረቀት አነበበችልኝ። ጥናቱ ሰኞ ለኅትመት ሊላክ ነው። ወረቀቷ እንዲህ ይላል፦ "ሰባት ቁጥር ጠርሙስን የደባለቅሁት እኔ ነኝ። መቼ እንደሆነ አላስታውስም። እጄ የሚታመን ስላልሆነ ከሴል ሥራ እንድነሳ እጠይቃለሁ።"

"ሳታውቂው እንዴት ትፈርሚያለሽ?"

"ታዲያ ማን ይሁን? ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ዝም ልበል? አንተ ያን እሑድ ሰላም ነው ብለኸኛል፤ ከእኔ ሌላ የሚሳሳት የለም።"

"አለ" አልኳት። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። "እኔ ነኝ። የታመምሽ ዕለት ጣልኳት። ከታች ሌላ አንስቼ ተካሁ።"

መነጽሯን አወለቀች። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብላ፣ "እጄ አይደለም ማለት ነው?" አለች።

"አይደለም።"

እጇን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። "እሰይ" ትላለች እያለቀሰች፤ "እሰይ፣ እሰይ፣ እጄ አይደለም።" እኔም ልቤ ቀለለኝ። አለፈ ብዬ ትከሻዋን ልይዝ ስጠጋ ቀና አለች።

"ሦስት ወር" አለች። "ሦስት ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለህ ስታየኝ ነበር?"

የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ።

ወረቀቷን ቀደደች፤ መዝገቡን ሳበች። እነሱ ጋ ስህተት አይፋቅም፤ የድሮው እንዲነበብ በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክሉ ከጎኑ ይጻፋል፣ ይፈረማል። የእሑዷን ገጽ አውጥታ "ደህና ናቸው" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች። "ባለቤቴ ገብቶ ቀየረ። ሰባትን ጣለ፣ በሌላ ተካ። እኔ ሳላይ ፈረምኩ" ብላ ጽፋ ፈረመችና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋችው። ከስሟ ሥር ፈረምኩ። ከተጋባንበት ቀን ወዲህ አብረን ስንፈርም ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ሰኞ ሁለታችንም ሄድን። ፕሮፌሰሩ ናሙናውን አስመረመረ፤ እንዳለችው ሌላ ሰው ነው። ጥናቱ ሳይላክ ቀረ። ባለቤቴ ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፉባት፤ አላባረሯትም። ተማሪዋ አንገቷን ደፍታ ስትሰማ ቆይታ፣ "ጋሼ፣ አንድ ዓመቴን እኮ ነው" አለችኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዘበኛው ደግሞ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ጋሼ" ይለኛል። ጠራ፤ ታዲያ ምን ይሁን?

አሁንም እሑድ እሑድ አብሬያት እሄዳለሁ። ከበሩ ማለፍ ስለተከለከልኩ ዘበኛው ቤት ጥግ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ባለቤቴ አታኮርፍም፤ ምሳ ታቀርባለች፣ መድኃኒቴን እንዳልረሳ ታስታውሰኛለች፣ "ሾፌር" ማለቱን ግን ትታዋለች። ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ቦርሳዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ ትከሻዋን በሌላኛው እጇ ደግፋ ነው የምትመጣው።

"ስጪኝ" እላታለሁ እጄን ዘርግቼ።

"ተወው፣ ቀላል ነው" ትለኛለች።

ቀላል አይደለም። ስንት ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ።