አምስተኛው ቁጥር

ኮድ መጻፍ ተምሬ የሰው ስም አጠፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሥራዬ ለሚሰማው ሰው የተከበረ ነው። በስልክና በኢንተርኔት የሚያጭበረብሩትን እንከታተላለን፣ መረጃቸውን የሌሎች ድርጅቶች ኮምፒውተሮች እንዲያነቡት አድርገን እናደራጃለን፣ እንልካለን። ለዚህ የሚሆን፣ ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ አለ፤ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት፣ እኛ ጠርተን የምንጠቀምበት ኮድ ማለት ነው። አጭበርባሪው በአንድ ሣጥን ይገባል፣ የተጠቀመበት ሊንክ ወይም ቁጥር በሌላ ሣጥን ይገባል፣ ከዚያ ሁለቱ «የእሱ ነው» በሚል ግንኙነት ይታሰራሉ። ቀላል ነው። ቀላል መሆኑ ነው ጉዱ።

ያን ሰሞን በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ተገኘ የሚል የሐሰት ሊንክ ድሬዳዋን አዳረሰ። ሥራ ፈላጊዋ ስልኳ ላይ የመጣላትን ኮድ ስትሞላ የቴሌግራም አካውንቷ ይወሰዳል፣ በእሷ ስም ደግሞ ለዘመድ ለወዳጇ ሁሉ ያው ሊንክ ይላካል። ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ ድረስ መጥተው ቢሯችን በር ላይ ያለቀሱ ሴቶች አይቻለሁ። ተናድጄ ነበር። ንዴቴ የእውነት ነበር፣ እሱን እንኳን ማንም አይወስድብኝም።

ሊንኩ ከተላከባቸው ስልኮች አንዱ ተለየ። አለቃዬ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፤ ያ ስልክ ቁጥር በወጣበት መታወቂያ የወጡ ሲም ካርዶች ሁሉ ዝርዝር ነው። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም።

«ሁሉንም አስገቢያቸው» አለኝ። «ከምሳ በፊት ይላክ።»

ላይብረሪው ስልክ ቁጥር የሚባል ነገር አያውቅም። ለኢሜይል ቦታ አለው፣ ለድረ ገጽ አድራሻ ቦታ አለው፣ ለስልክ ግን የለውም። ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አዲስ ሣጥን ሠራሁለት። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

ደግሞ ቁጡ ነው። የግድ መሞላት ያለበትን አንድ መስመር ከረሳሁ በቀይ ጽሑፍ ይጮህብኛል። እርግጠኝነት የሚባል ቦታም አለው፤ ስለምጽፈው ነገር ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንኩ ከዜሮ እስከ መቶ የምሞላበት። እሱን ግን ባዶውን ብተወው ምንም አይለኝም። ምንም ስላላለኝ ተውኩት። የመታወቂያውን ባለቤት «አደጋ ፈጻሚ» በሚለው የአጭበርባሪ ሣጥን ከተትኩ፣ ቁጥሮቹን አሰርኩባት፣ ኮዱን አስነሳሁት። ስህተት የለም። ስሟን እንኳን አልጻፍኩም፤ በስም ፋንታ አንድ የፋይል ቁጥር ሰጠኋት። ያ ቁጥር ያን ቀን በጣም ተመችቶኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ኤዶ ቤቴ መጣች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፣ የመጋላ ጎረቤቴ ናት፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠራት። የሴት ልብስ ትነግዳለች፣ ጅግጅጋ ላሉ ደንበኞቿ በጭነት መኪና ትልካለች።

«ናያ፣ አንቺ የኮምፒውተር ሰው አይደለሽ?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ፤ ናያ ስትል አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። «ስልኬን ምን አድርገውት ነው?»

«ማን ምን አለሽ?»

«ጭነት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቁጥሬን አስገባችና ይሄ የአጭበርባሪ ስልክ ነው፣ ዕቃሽን አልቀበልም አለችኝ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እየሰማ። ወላሂ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ የማውቃት ልጅ ናት። ዓይኔን ማየት አፈረች።»

ሻሿን አስተካከለች።

«በመታወቂያሽ ለሌላ ሰው ሲም አውጥተሻል?» አልኳት፣ የማላውቅ መስዬ።

«ለስንቱ! ከገጠር ከዋሂል ዘመድ ይመጣል፣ መታወቂያ የለኝም ይላል። እኔ አለኝ። ታዲያ ምን ልበለው? አንዱ ሸጦት ይሆናል፣ አንዱ ጥሎት ይሆናል፣ አላህ ነው የሚያውቀው። ይሄን ነገር ማን እንደጻፈብኝ ፈልጊልኝ።»

እፈልጋለሁ አልኳት። ይህን ያለው አፌ የእኔ መሆኑ አሁንም ያሳፍረኛል።

በማግስቱ የላኩትን መዝገብ ሻርኩት። መሻር አንድ መስመር ናት፤ ላይብረሪው ያለ ቁጣ ተቀበለኝ። የተላከላቸው ድርጅቶች ግን የመጀመሪያውን ወስደው ሁለተኛውን ለማየት አልተመለሱም። ለጭነት ቤቱ ስደውል «ሲስተሙ ነው» አሉኝ፣ ሲስተሙ እኔ መሆኔን ሳያውቁ። አለቃዬ «ሽረሽዋል አይደል? በቃ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ኤዶ ለዒድ ያዘጋጀችው ልብስ በዓሉ እስኪያልፍ ቤቷ ተከምሮ ቆየ። አሁን ዕቃዋን የምትልከው በሌላ ነጋዴ ስምና ስልክ ነው። ጭነት ቤቱ በር ድረስ ትሄድና ውጭ ቆማ ትጠብቃለች።

እስካሁን ያልተናገርኩት ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ የነበሩት ቁጥሮች አምስት ናቸው። እኔ ያስገባሁት አራት ነው። አምስተኛው ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ተማሪ ሆኜ፣ ለመታወቂያ ዕድሜዬ ሳይደርስ፣ ኤዶ ከእኔ ጋር በፀሐይ ተሰልፋ ነበር ያወጣችልኝ። ወረቀቱን ገና ሳየው የማን መታወቂያ እንደሆነ አውቄያለሁ። በሰው ስም የወጣ ሲም የዚያ ሰው አለመሆኑንም ድሬ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «ይሄኛው ንጹሕ ነው» ብዬ የራሴን ዘለልኩ፣ የቀሩትን በእሷ ላይ አሰርኩ። ጊዜ አጥሮኝ ነው እላለሁ አንዳንዴ። ውሸት ነው፤ ጠዋት ሙሉ ነበረኝ።

ነገሩ እንደማይስተካከል ልነግራት የሄድኩ ቀን የሱቋ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። «የጻፈው ሰው አልተገኘም» አልኳት። ልሄድ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ያቺ ያወጣሁልሽ ሲምስ? በእኔ ምክንያት አንቺም ላይ እንዳይዘጉብሽ ስፈራ ነው የሰነበትኩት።»

«አልተዘጋችም» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ክንዴን ለቀቀችኝ።