በጉሙ ውስጥ አብራኝ የሮጠችው ሴት

ስማርት ስልክ ገና ሁሉም ሰው እጅ ያልገባበት ጊዜ ነው። የባል ዱላ ሸሽተው ከቤት ለወጡ ሴቶች መጠለያ ገንዘብ የሚያሰባስብ የሴቶች የሩጫ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። የምኖረው ኦክላንድ ቢሆንም፣ ቅዳሜ ጠዋት አልባኒ የምትባል ጎረቤት ከተማ ሄደን ባሕሩ ዳር እንለማመድ ነበር። ሩጫው ራሱም የተደረገው እዚያው ነው። ጎበዝ ሯጭ ስላልነበርኩ ብዙውን ጊዜ ወደኋላ እቀራለሁ።

የሩጫው ዕለት ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። መጀመሪያ ላይ ከፊቴ ያሉት ሴቶች ወሬ ይሰማኝ ነበር፤ ቀስ በቀስ እሱም ጠፋ። የራሴን ትንፋሽ እያዳመጥኩ ስሮጥ አንዲት ሴት አጠገቤ መጣች። ከየት እንደመጣች አላየሁም። የቤት ቀሚስ ለብሳ፣ በነጠላ ጫማ ነበር የምትሮጠው። ጸጉሯ ርሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። መልኬን አይታ የአገሯ ልጅ መሆኔን ሳታውቅ አልቀረችም፣ በአማርኛ፣

«እየተከተለን ነው?» አለችኝ።

ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ የከባድ የወንድ ጫማ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ብል ከጉም በቀር ምንም አይታይም። ፍጥነት ስንጨምር እሱም ይጨምራል። አንዱ ጫማዋ ወልቆ ልታነሳው ቆም ስትል፣ ኮቴውም ቆመ።

«ተዪው ጫማውን» ብዬ እጇን ያዝኩ። እጇ በረዶ ሆኗል። ሌላ ቃል ሳንነጋገር ተያይዘን ሮጥን። የሩጫው መጨረሻ ላይ የቆሙት ሰዎች ጭብጨባ ሲሰማ ኮቴው ጠፋ። ከመጠለያው የመጣችውን ሠራተኛ ፈልጌ ነገሩን በጆሮዋ ነገርኳት። ብርድ ልብስ ደርባላት ወዲያው በመኪና ይዛት ሄደች።

እኔ ግን የሚመጣውን ሰው ለማየት እዚያው ቆየሁ። ጉሙ ተገፈፈ። መንገዱ በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው የትልቁ የመኪና መንገድ፣ የፍሪዌዩ አጥር ነው፤ ሰው የሚሰወርበት ቦታ የለውም። ማንም አልመጣም።

ከዓመታት በኋላ ሴትዮዋን ሳንሆዜ ከተማ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስትሠራ አገኘኋት። አፓርታማዋ ወስዳኝ ስንጫወት የዚያን ቀን ነገር አነሳች። ስንለማመድ ሁልጊዜ ከፍሪዌዩ ማዶ ካለው ቤቷ በመስኮት ታየን ነበር። ብቻዋን ስትወጣ ያያት ጎረቤት ለባሏ ኮል አድርጎ ይነግረዋል። ያን ቀን ግን ሴቱ ሁሉ ሲሮጥ እሷን ለይቶ የሚያያት እንደማይኖር ገምታ፣ የለበሰችውን እንኳ ሳትቀይር ወጥታ ከሯጮቹ ኋላ ተቀላቀለች።

ባሏ እንዴት ሊደርስባት እንደቻለ ጠየቅኳት። እሱ እዚያ እንዳልነበረ ነገረችኝ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ጠዋት ኦክላንድ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ለመጫን ተራ ይጠብቅ ነበር። ፍርድ ቤት ጉዳያቸውን ሲያይ ይህ ተረጋግጧል።

«ታዲያ ኮቴው የማን ነበር?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺም ሰምተሽው ነበር?» አለች። «እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ጊዜ ፍርሃቴ ነው ብዬ ነበር።»

ተነስታ የበሩን ቁልፍ ቼክ አደረገችና ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች።