አያ ሰይድ በጥርሱ ሲሰማ

ባለፈው ክረምት ከጎብዬ ወደ ቆቦ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሮቢትን እንዳለፈ ከወለሉ ሥር ማጉረምረም ጀመረ። ንዝረቱ በእግሬ ገብቶ መንጋጋዬ ድረስ ወጣ። ረዳቱ "ጎማ ነው፣ ምንም አይደል" አለን። እኔ ግን አያ ሰይድ ትዝ አለኝ።

አያ ሰይድ በደርግ ጊዜ የቆቦ መካኒክ ነበር፤ የሚገርመው ደግሞ ጆሮው አይሰማም። መንገድ ሲሠራ አጠገቡ የፈነዳ ድማሚት ነው ያደነቆረው። የመኪና ድምፅ የሚሰማው በጥርሱ ነበር። የራያ ሰው ያለ ዱላ አይንቀሳቀስምና እሱም ዱላ ነበረችው፤ አንዱን ጫፍ ካምቢዮው ላይ ያሳርፋል፣ ሌላውን ይነክሳል፣ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። እኛ ልጆች እንዳንረብሸው ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር። ብንንጫጫበት መች ሊሰማን!

አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ጂፕ ሾፌር ነበር። ጂፑ በአራቱም ጎማ እንዲጎትት ማርሹ ሲገባ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ጎማ ነው አለ፣ ሌላው ካምቢዮ። አያ ሰይድ አባቴን አስፋልቱ ላይ እያስነዳ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ዱላውን ነከሰ። በእጁ "አስገባ፣ አውጣ፣ ደግሞ አስገባ" ይለዋል። ማርሹ ሲወጣ ዝም፣ ሲገባ ጩኸት። በመጨረሻ ተነሥቶ አፉን ጠረገ።

"የፊት ዘንጉ መጋጠሚያ አልቋል። ወላሂ፣ እየሮጥክ ከተበጠሰ መሬት ወግቶ ይገለብጥሃል" አለው።

መለዋወጫው ቆቦም ደሴም አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ግን በማግሥቱ ወደ ቆላ ወርዶ ለውትድርና የሚታፈሱ ልጆችን መሰብሰብ ነበረበት። አባቴ የፊት ጎማዎቹን ስለሚያዞረው ስለዚያ ዘንግ ሊነግረው ቢሞክር "የአሻጥረኛ ወሬ!" ብሎ አፉን አስያዘው። መንገድ ላይ አጠገቡ ተቀምጦ "አራቱንም አስገባ" ቢለው፣ አባቴ እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም።

ለማይሰማ ሰው ምስጢር ሹክ አይባልም። በዚያው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ አባቴ ጋራዡ ግቢ ውስጥ አያ ሰይድን ሲለምነው ከማዶ ሆኜ አየሁ። አባቴ ከመኪናው ሥር አንድ ነገር እንደሚያወጣ ሰው በሁለት እጁ ጎተተ። ከዚያ ወደ እኔና ወደ ቤታችን ጠቆመ፣ ቀጥሎም መዳፉን አንገቱ ላይ አደረገ። አያ ሰይድ ብዙ አሰበ። ከዚያ መፍቻውን ይዞ ከጂፑ ሥር ገባ።

በማግሥቱ ጂፑ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ወርዶ ጎሊና ወንዝ አሸዋ ላይ ተቀበረ። ካድሬው ጎንበስ ብሎ ቢያይ የፊቱ ዘንግ የለም። ጂፑን እያስነዳ ሳይሆን እያስጎተተ ቆቦ ገባ። ገበያው መሃል ሰው ተሰብስቦ ሳለ አባቴን "ማን ነው ያወጣው?" አለው።

"አላውቅም" አለ አባቴ።

አያ ሰይድ ከሰው መሃል ቆሞ የአባቴን ከንፈር ያይ ነበር። እንዲህ ያለች አጭር ቃል ደግሞ ከከንፈር ላይ አታመልጠውም! ዞር ብሎ ሄደ፤ ሲመለስ ዘንጉን ተሸክሞ ነበር። ካድሬው እግር ሥር አስቀመጠው።

"እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። እስቲ ንካው፣ ዱቄት ሆኗል" አለ።

ካድሬው ዘንጉን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ለአፈሳው የመጡት ወታደሮች አያ ሰይድን ጭነት መኪናቸው ላይ ሲያወጡት ዱላውን ለአባቴ አቀበለው።

"ያዛት። ወዲያ የምሰማው ነገር የለኝም" አለው። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

አባቴ ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ እኛንም አሳደገን። ዱላዋን ከበሩ ኋላ አቆማት። አርጅቶ ወገቡ ሲጎብጥ ከገበያ ሌላ ገዛ እንጂ እሷን አልተመረኮዘም። ያን ቀን ጋራዡ ግቢ ውስጥ ሲለምን ማየቴን ነግሬው አላውቅም። እወደው ነበር፤ አፍርበትም ነበር። ዛሬ ዱላዋ እኔ ዘንድ ናት። እንዳትሰነጠቅ በየዓመቱ ቅቤ እቀባታለሁ፤ ጫፏ ላይ ያለው የአያ ሰይድ ጥርስ ምልክት ግን እንዳይደፈን አልነካውም።